ፋይሉ ለምን በላፕቶፓችን በኩል ይዞራል?

(ደብረ ብርሃን ላይ ለኔትወርክ ባለሙያዎችና ለኮምፒውተር ተማሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለ ፋይል ለመስማት በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማነሣው ሁላችሁም በየቀኑ የምትሠሩትን ነገር ነው። ፋይልን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሰርቨር ኮፒ ማድረግ። ሁለቱ ሰርቨሮች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው እንበል። አንድ ስዊች ላይ ተሰክተዋል። ትእዛዙን የሚሰጠው ሰው ግን ሌላ ሕንፃ ውስጥ፣ ዋይፋይ ላይ ነው። የአንደኛውን ሰርቨር ፎልደር ከፍቶ ፋይሉን ኮፒ ይላል፣ ሁለተኛው ሰርቨር ፎልደር ውስጥ ገብቶ ፔስት ይላል። ፋይሉ በየት በኩል የሚሄድ ይመስላችኋል?

አብዛኛውን ጊዜ በሰውየው ላፕቶፕ በኩል ነው። ከአንደኛው ሰርቨር ተነሥቶ በዋይፋይ ላፕቶፑ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ያው ፋይል በዚያው ዋይፋይ ተመልሶ ሁለተኛው ሰርቨር ይገባል። ላፕቶፑ ፋይሉን አይፈልገውም። አይከፍተውም፣ አያስቀምጠውም። ተቀብሎ መልሶ ማስረከብ ብቻ ነው ሥራው።

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ገዝታችሁ ደብረ ሲና ማድረስ ፈለጋችሁ እንበል። ገዢው የሚኖረው እዚህ ደብረ ብርሃን ነው። እሱ እዚህ ስለሚኖር ብቻ መኪናው ደብረ ሲናን አልፎ፣ ያንን ዳገት ወጥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አቋርጦ ደብረ ብርሃን ይገባል። ሽንኩርቱ ገዢው ደጃፍ ይራገፋል። ከዚያ እንደገና ተጭኖ ቁልቁለቱን ወደ ደብረ ሲና ይመለሳል። እንዲህ የሚያደርግ ነጋዴ አይታችሁ አታውቁም። ነጋዴ ስልክ ይደውላል፣ «እዚያው አራግፉት» ይላል፣ አለቀ። በኔትወርክ ፋይል ሲስተም ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርነው በዚህ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

በእኛ ቁጥር ስናሰላው

በእኛ አካባቢ ትልቅ ፋይል ከየት ይመጣል የሚል ካለ፣ አንድ ምሳሌ ልስጥ። መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ አንኮበር የብራና መጻሕፍት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከሸዋ ገዳማትና አድባራት ብዙ መጽሐፍ በፊልም አስቀርቷል። ዛሬ እንዲህ ያለው ሥራ በዲጂታል ካሜራ ነው የሚሠራው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ገጽ ያነሣል። ፎቶው ሳይጨመቅ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት ይዞ ሲቀመጥ 72 ሜጋባይት ይሆናል። 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ገጽ አለው። ያ 21.6 ጊጋባይት ነው። አምስት መጽሐፍ ከ100 ጊጋባይት ያልፋል። ደግሞ ይህ ጥራቱን በሚቀንስ መንገድ መጭመቅ የማይገባው ዳታ ነው። የቀለሙ መፍዘዝ፣ የብራናው ቀዳዳ፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ ሁሉ ለወደፊት ተመራማሪ ያስፈልጋል።

አሁን እነዚያን አምስት መጻሕፍት ፎቶው ከሚራገፍበት ሰርቨር ወደ ማኅደሩ ሰርቨር እንውሰዳቸው። ሰርቨሮቹ በ1 ጊጋቢት ኬብል ተገናኝተዋል። እንዲህ ያለ ኬብል በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያሳልፋል። ዲስኩ ካላዘገየው 100 ጊጋባይቱ በሩብ ሰዓት ያልቃል።

በላፕቶፕና በዋይፋይ ሲሆንስ? ዋይፋዩ በሰከንድ 20 ሜጋባይት ይሰጠናል እንበል። ሰው በተጨናነቀበት ቢሮ ይህ ጥሩ የሚባል ነው። ዋይፋይ ደግሞ መምጫውም መሄጃውም አንድ አየር ነው። ማንበቡም መጻፉም ከዚያችው 20 ላይ ነው የሚቀነሰው። ስለዚህ ኮፒው በሰከንድ 10 ሜጋባይት ይጓዛል። 10 ሺህ ሰከንድ ይፈጃል። ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ማለት ነው። ያም መብራት ካልጠፋ፣ ላፕቶፑ ካልተዘጋ፣ ሰውየው ስብሰባ ተጠርቶ ካልወጣ ነው። እነዚህ ደግሞ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደሉም። በዚያ ሁሉ ሰዓት በዚያው ዋይፋይ ላይ ያሉት ሌሎች ሰዎች «ዛሬ ኔትወርኩ ምን ሆነ?» እያሉ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። ባለሙያዋ መሐል ሜዳ ናት እንበል። በሞባይል ዳታ፣ በቪፒኤን በኩል ደብረ ብርሃን ወዳሉት ሁለት ሰርቨሮች ትገባለች። 100 ጊጋባይት ወደ እሷ ይመጣል፣ 100 ጊጋባይት ከእሷ ይሄዳል። ከጥቅሏ ላይ 200 ጊጋባይት ይቆረጣል። ፋይሉ የተጓዘው እኮ ከአንድ መደርደሪያ ወደ ጎኑ ነው። ሥራዋን ወይ ትተወዋለች፣ ወይ «ከተማ ስወርድ እሠራዋለሁ» ትላለች።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው «ባንድዊድዝ ይጨመር» የሚል ነው። ይጨመር፣ አልቃወምም። ግን ሰፊ ኬብል ላለው እንኳ ይህ ዙሪያ ጥምጥም አላስፈላጊ ከሆነ፣ ቀጭን መስመር ያለን እኛ አስቀድመን ነበር መጮህ ያለብን። ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከተው እኛን ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ?

ኤንኤፍኤስን፣ ማለትም የሰርቨርን ፎልደር በኔትወርክ የሚያስከፍተውን ፕሮቶኮል፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሠራው። ሁለተኛው ቅጂ በ1989 አርኤፍሲ 1094 በሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ፣ ሦስተኛው በ1995 በአርኤፍሲ 1813 ታተመ። ሦስተኛው ቅጂ 22 ትእዛዞች አሉት። አንብብ፣ ጻፍ፣ ፍጠር፣ አጥፋ፣ ስም ቀይር እያለ ይሄዳል። «ኮፒ አድርግ» የሚል ግን አንድም የለም።

ይህን በዓይናችሁ አይታችሁታል። ሰርቨር ላይ ያለ ትልቅ ፋይል ከአንድ ፎልደር ወደ ጎረቤት ፎልደር ሙቭ ስታደርጉት ወዲያው ያልቃል። ያንኑ ፋይል ኮፒ ስታደርጉት ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ገና ነው። ሙቭ ማድረግ እዚያው ፋይል ሲስተም ውስጥ ሲሆን ስም መቀየር ነው። ስም መቀየር ደግሞ ትእዛዝ አለው። ክላየንቱ፣ ማለትም የእናንተ ኮምፒውተር፣ አንድ አጭር መልእክት ይልካል፣ ሰርቨሩ እዚያው ይሠራዋል። ኮፒ ግን ትእዛዝ ስለሌለው ክላየንቱ እየቆረሰ ያነብበዋል፣ እየቆረሰ ይጽፈዋል። በሊኑክስ የአንዱ ቁራሽ መጠን ብዙ ጊዜ ቢበዛ 1 ሜጋባይት ነው። ለ100 ጊጋባይት ከ95 ሺህ በላይ የማንበብ ጥያቄ፣ ከ95 ሺህ በላይ የመጻፍ ጥያቄ ይላካል ማለት ነው።

ለምን ሳይጨምሩት ቀሩ? የነዚያን መሐንዲሶች ሥራ ማቃለል አልፈልግም። ሐሳባቸው ትልቅ ነበር። የድሮው የኤንኤፍኤስ ሰርቨር ስለ ክላየንቱ ምንም አያስታውስም። ጥያቄ ይመጣል፣ መልስ ይሰጣል፣ ይረሳዋል። ሰርቨሩ ወድቆ ቢነሣ ክላየንቱ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል፣ ሥራው ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ለምንኖር ሰዎች ይህ ምን ያህል ጥሩ ጠባይ እንደሆነ አይጠፋንም። ኮፒ ግን ረጅም ሥራ ነው። ሩብ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። «እስከ ምን ደርሰሃል?» ተብሎ የሚጠየቅ፣ «ተወው» ተብሎ የሚቆም ሥራ ነው። ምንም የማያስታውስ ሰርቨር እንዲህ ያለ ሥራ ሊይዝ አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ከኔትወርኩ ውጭ ነው፤ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው። በዩኒክስ ላይ ሲፒ የሚባለውን ትእዛዝ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲፒ ለረጅም ዘመን ከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ «ይህን ፋይል ኮፒ አድርግልኝ» ብሎት አያውቅም። «ይህን አንብብልኝ» ይለዋል። ከዚያ «ይህን ጻፍልኝ» ይለዋል። ያነበበውና የሚጽፈው አንድ ነገር መሆኑን የሚያውቀው ሲፒ ብቻ ነው። ከርነሉ አያውቅም። ከርነሉ ካላወቀ የኤንኤፍኤሱ ክላየንት አያውቅም። ክላየንቱ ካላወቀ ሰርቨሩ ከየት ያውቃል? ሰርቨሩ ፋይሉን በእጁ ይዞ፣ ያንኑ ፋይል ከሩቅ እየተቀበለ ይጽፋል።

ስለዚህ መፍትሔው አንድ ቦታ ብቻ ተሠርቶ የሚያልቅ አልነበረም። ፕሮግራሙ «ኮፒ ነው» ብሎ መናገር ነበረበት። ከርነሉ መስማት ነበረበት። ፕሮቶኮሉ ቃሉን መያዝ ነበረበት። ሰርቨሩ መሥራት ነበረበት። አንዱ ካልሰማ ሁሉም ወደ ድሮው ማንበብና መጻፍ ይመለሳል። ሊኑክስ ኮፒ ፋይል ሬንጅ የሚባለውን የሲስተም ጥሪ ያገኘው በ4.5 ከርነል፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ነው። የኮፒን ትእዛዝ የያዘው ኤንኤፍኤስ 4.2 በአርኤፍሲ 7862 የታተመው በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። ሲፒ ይህን ጥሪ በነባሪነት መጠቀም የጀመረው ደግሞ በ2021፣ በጂኤንዩ ኮርዩቲልስ 9.0 ነው። ከ1984 ጀምራችሁ ቁጠሩት።

የዊንዶውስ ዓለም በዚህ በኩል ቀድሞናል። የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ ፕሮቶኮል የሆነው ኤስኤምቢ ኮፒ ቸንክ የሚባል ትእዛዝ አለው። ክላየንቱ ከሰርቨሩ ላይ ለምንጩ ፋይል ባለ 24 ባይት ቁልፍ ይጠይቃል። ከዚያ «በዚህ ቁልፍ ካለው ፋይል ከዚህ እስከዚህ ያለውን ወደዚያ ገልብጥ» ይላል። የዊንዶውስ ሰርቨር በነባሪው በአንድ ጥያቄ እስከ 16 ሜጋባይት ይገለብጣል። ዳታው ከሰርቨሩ አይወጣም። ኤስኤምቢን በሊኑክስ ላይ የሚያሠራው ሳምባ ይህን ከ4.1 ጀምሮ፣ ከ2013 ወዲህ ይደግፋል። እዚህ ካሉት ቢሮዎች ብዙዎቹ ሼር የተደረገ ፎልደራቸው ሳምባ ወይም ዊንዶውስ ሰርቨር ነው። ስለዚህ ከሼሩ ወደዚያው ሼር ኮፒ ስታደርጉ ይህ ነገር ሳታውቁት እየሠራላችሁ ሊሆን ይችላል። ግን ቁልፉን የሚያውቀው የሰጠው ሰርቨር ብቻ ነው። ሰርቨሩ ሁለት ሲሆን ኮፒ ቸንክ አይረዳም።

ሁለት ሰርቨር ሲሆን

ከባዱ ነገር እዚህ ነው። ሁለት ሰርቨሮች በቀጥታ ይነጋገሩ ማለት ቀላል ይመስላል። ጥያቄው መተማመን ነው። ሁለተኛው ሰርቨር መጥቶ «እገሌ ልኮኝ ነው፣ ፋይሉን ስጠኝ» ሲል የመጀመሪያው በምን ያምነዋል?

ይህን ቀላል አድርጎ ያየ ፕሮቶኮል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመው የኤፍቲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 959፣ አንድ ሰው ሁለት ሰርቨሮችን አገናኝቶ ፋይሉ በመካከላቸው በቀጥታ እንዲሄድ ይፈቅድ ነበር። አንዱን «ጠብቅ» ይለዋል፣ ሌላውን «ወደዚህ አድራሻ ላክ» ይለዋል። በጣም ብልህ ነገር ነበር። ግን ሰርቨሩ አድራሻው የማን እንደሆነ አይጠይቅም። ክፉ ሰው የሦስተኛ ወገን ማሽን አድራሻና ፖርት ይሰጠዋል። ሰርቨሩ ሄዶ ያንኳኳል። በዚህ መንገድ በሌላ ሰው ሰርቨር ስም የሰው ኔትወርክ ይፈተሽ ጀመር። ባውንስ ጥቃት የሚሉት ይህን ነው። አስተዳዳሪዎች በሩን ዘጉት፤ ደግ አደረጉ። ግን ከክፉው ጋር ጥሩውም መንገድ ተዘጋ።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በኤስኤስኤች ሩቅ ማሽን ላይ የሚያስገባው ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች በ2021 በወጣው 8.7 የኮፒ ትእዛዙን ኤስሲፒን ቀየረው። ቀድሞ በሁለት ሩቅ ማሽኖች መካከል ኮፒ ስታዙ ዳታው በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር። አሁን በነባሪው በእናንተ ኮምፒውተር በኩል ያልፋል። ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስላል፣ ግን ምክንያት አለው። በቀጥታ እንዲሄድ አንደኛው ማሽን ወደ ሁለተኛው የሚያስገባ ቁልፍ ወይም የእናንተን ውክልና ሊኖረው ይገባል። አንደኛው ማሽን ከተጠለፈ ቁልፉም አብሮ ሄደ። አርሲንክ የሚባለው ሌላው የኮፒ ፕሮግራም ደግሞ ሁለቱም ወገን ሩቅ ከሆነ ጭራሽ አይቀበላችሁም። እንግዲህ የብዙ ፕሮግራሞች መልስ «ለደኅንነቱ በእኔ በኩል ይዙር» ነው። ስለዚህ አጭሩ መንገድ እንዲከፈት መጀመሪያ መተማመኑ መሠራት አለበት።

ኤንኤፍኤስ 4.2 ይህን የፈታበት መንገድ ያምራል። ወደ ሽንኩርታችን ልመለስ። የሸዋ ሮቢቱ መጋዘን የደብረ ሲናውን ሹፌር አያውቀውም። ገዢውን ግን ያውቀዋል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ለመጋዘኑ ይደውላል። «እንዲህ ያለ መኪና ይመጣል፣ ይህችን ጭነት ብቻ ስጡት» ይላል። መጋዘኑ «እሺ፣ ይህን ቁጥር ይዞ ይምጣ፣ እስከዚህ ሰዓት ድረስ» ይለዋል። ገዢው ቁጥሩን ለሹፌሩ ይነግረዋል።

ፕሮቶኮሉ ይህንኑ ነው የሚያደርገው። ክላየንቱ ለምንጩ ሰርቨር ኮፒ ኖቲፋይ የሚባል መልእክት ይልካል። «ይህን ፋይል እከሌ የተባለው ሰርቨር መጥቶ ያነብባል» ይለዋል። ምንጩ ሰርቨር ለዚያ ፋይል ብቻ የሚሠራ፣ ጊዜ የተወሰነለት መለያ ይሰጠዋል። በየትኛው አድራሻ እንደሚገኝም ይነግረዋል። ክላየንቱ ከዚያ ለመድረሻው ሰርቨር ኮፒ የሚለውን ትእዛዝ ከመለያውና ከአድራሻው ጋር ይልካል። መድረሻው ሰርቨር ራሱ ክላየንት ሆኖ ምንጩ ዘንድ ይሄዳል፣ መለያውን ያሳያል፣ ያነብባል። የባለቤቱ ፓስወርድ ወይም ቁልፍ ለሰርቨሩ አልተሰጠም። የተሰጠው የአንድ ፋይል ፈቃድ ነው። ኤፍቲፒ የጎደለው ይህ ነበር።

ሥራው ረጅም ከሆነ መድረሻው ሰርቨር «ተቀብያለሁ፣ እየሠራሁ ነው» ብሎ ወዲያው ይመልሳል። ክላየንቱ መሐል ላይ «ስንት ደረስክ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። «ተወው» ሊልም ይችላል። ሲያልቅ ሰርቨሩ ራሱ መልሶ ይጠራዋል። መሐል ላይ ቢቋረጥ ስንት ባይት እንደተገለበጠ ይነግረዋል፣ ቀሪው ከዚያ ይቀጥላል። የአራተኛው ትውልድ ሰርቨር የሚያስታውስ ሰርቨር ስለሆነ ነው ይህ ሁሉ የተቻለው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትእዛዙን ሰጥታችሁ ላፕቶፑን ዘግታችሁ ወደ ቤት መሄድ አይደለም። ሥራው ከክላየንቱ ጋር የተሳሰረ ነው። ክላየንቱ ጠፍቶ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ሰርቨሩ ኮፒውን ሊያቆመው ይችላል። ዳታው በላፕቶፑ አያልፍም፣ ላፕቶፑ ግን በሕይወት መኖር አለበት። ለመሐል ሜዳዋ ባለሙያ ይህም ትልቅ ነገር ነው። 200 ጊጋባይት መሸከም ቀርቶላት፣ ጥቂት መልእክት የምታሳልፍ ቀጭን መስመር ትበቃታለች።

ምንጩና መድረሻው አንድ ሰርቨር፣ አንድ ፋይል ሲስተም ላይ ከሆኑ ደግሞ ክሎን የሚባል አለ። ኤክስኤፍኤስና ቢቲአርኤፍኤስ የሚባሉት የዲስክ ፋይል ሲስተሞች ይህን ይችላሉ። ዳታው ጭራሽ አይገለበጥም። ሁለቱ ፋይሎች አንድ የዲስክ ቦታ ይጋራሉ፣ አንዱ ሲቀየር የተቀየረው ክፍል ብቻ ለብቻው ይጻፋል። 100 ጊጋባይት በዓይን ጥቅሻ ያልቃል። ባክአፕ ግን አይደለም። ያ ዲስክ ከተበላሸ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እኛስ ምን እናድርግ?

ሊኑክስ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ሰርቨር በቀጥታ መገልበጥን በ5.6 ከርነል፣ በ2020 ነው ያገኘው። በራሱ ግን አይሠራም። ክላየንቱም ሁለቱም ሰርቨሮችም ይህን የሚደግፉ መሆን አለባቸው። መድረሻው ሰርቨር ምንጩን በኤንኤፍኤስ 4.2 ማግኘት መቻል አለበት፤ በመካከላቸው ፋየርዎል ካለ ፖርት 2049 ይከፈት። መድረሻው ሰርቨር ላይ ደግሞ ኢንተር ኮፒ ኦፍሎድ ኢኔብል የሚባለውን የሞጁል ቅንብር በእጅ ማብራት ያስፈልጋል። በነባሪው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። መጥፋቱ አይከፋኝም። ሰርቨር ሌላ ሰርቨር ዘንድ እንዲሄድ መፍቀድ ታስቦበት የሚደረግ ነገር ነው። ሰርቨሮቹን ለብቻቸው በተለየ ኔትወርክ፣ ቪላን በሚሉት፣ ላይ አድርጓቸው፣ ከዚያ አብሩት።

ሁሉን አሟልታችሁም ላይሠራ ይችላል፤ ችግሩ ደግሞ አይነግራችሁም። አንዱ ነገር ከጎደለ ኮፒው ዝም ብሎ በድሮው መንገድ ይሄዳል። ስህተት አይታይም። ፋይሉም ይደርሳል። እናንተ «አበራሁት እኮ» ትላላችሁ፣ ዳታው ግን በዋይፋይ እየዞረ ነው። ስለዚህ አትመኑ፣ እዩ። ትልቅ ፋይል ኮፒ እያደረጋችሁ የላፕቶፑን የኔትወርክ መለኪያ ክፈቱ። ጸጥ ካለ በቀጥታ እየሄደ ነው። ከተንቀጠቀጠ እየዞረ ነው። ኤንኤፍኤስ ስታት የሚለው ትእዛዝም የማንበቡን፣ የመጻፉንና የኮፒውን ብዛት ለየብቻ ያሳያችኋል። የማንበቡ ቁጥር እየዘለለ የኮፒው ካልተነቃነቀ መልሱን አገኛችሁ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ለምን? በኤስኤስኤች ሰርቨሩ ላይ ገብቼ እዚያው አርሲንክ አደርጋለሁ» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። እኔም አደርገዋለሁ። አዲሱ ነገር እስኪዘረጋ ድረስ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። ሰው ከወጣም በኋላ ሥራውን የሚያስቀጥለውን ቲመክስ ሰርቨሩ ላይ ከፍታችሁ ውስጡ ካስጀመራችሁት ላፕቶፑን ዘግታችሁ መሄድም ትችላላችሁ።

ግን ኤስኤስኤች ያለው ማን ነው? እኛ ነን። ፎቶውን የምታነሣው ልጅ የላትም። የማኅደሩ ኃላፊ የላቸውም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የፈተና ክፍል መምህር የላቸውም። ልንሰጣቸውም አይገባም፤ ሰርቨር ላይ ዛጎል (ትእዛዝ መጻፊያ) መክፈት ለፋይል ኮፒ ተብሎ የሚታደል መብት አይደለም። እነሱ የሚያውቁት ፎልደር ነው። ኮፒ፣ ፔስት። እውቀቱ ያለው ሰው በሩብ ሰዓት ሲጨርስ የሌለው ሰው ግማሽ ቀን መቀመጥ የለበትም። አጭሩ መንገድ ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ይግባ ብዬ የምከራከረው ለዚህ ነው። ስለ ፕሮቶኮል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ፔስት ሲል ፋይሉ በራሱ በአጭሩ መንገድ ይሂድ።

ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ ኮድ ክፍት ነው። የሊኑክስ ኤንኤፍኤስ ሰርቨር ኮድ ከርነሉ ውስጥ ኤንኤፍኤስዲ በሚባለው ፎልደር ተቀምጧል። ሁለት አሮጌ ኮምፒውተርና አንድ ላፕቶፕ ካላችሁ ላብ አላችሁ። ቨርቹዋል ማሽንም ይበቃል። የመመረቂያ ፕሮጀክት ለምትፈልጉ፣ ቀጭን መስመር ባለበት፣ መብራት በሚቆራረጥበት ኔትወርክ ላይ ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን መለካት ጥሩ ሥራ ነው። የሚያስፈልገው መስመር ደግሞ እጃችን ላይ አለ።

ከተነሡት ጥያቄዎች

አንድ ተማሪ ጎግል ድራይቭና መሰሎቹስ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀ። እዚያው አካውንት ውስጥ ኮፒ ስታደርግ ፋይሉ ወደ አንተ አይመጣም፣ እዚያው ይሠራል። የአማዞን ኤስ3ም ለዚህ የራሱ ትእዛዝ አለው። ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ኩባንያ ስትወስድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አውርደህ መልሰህ ትጭናለህ። የመተማመኑ ጥያቄ እዚያም አለ።

አንዲት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያነሡት ጥያቄ ከሁሉ የጠነከረ ነበር። «ፋይሉ በእኔ ኮምፒውተር ካላለፈ ሳይበላሽ መድረሱን በምን አውቃለሁ? የብራናው ፎቶ አንዴ ከተበላሸ መጽሐፉ ዘንድ እንደገና መሄድ ላይቻል ይችላል» አሉ። እውነታቸውን ነው። በመጀመሪያ፣ በላፕቶፕ በኩል ማለፉም ዋስትና አይደለም። ሲፒ የጻፈውን መልሶ አንብቦ አያወዳድርም። ሰርቨሩ የኮፒውን መልስ ሲሰጥ ዳታው ዲስክ ላይ ጸንቶ እንደሆነ ወይም ገና ማህደረ ትውስታ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ገና ከሆነ ክላየንቱ «አጽናው» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ያም ቢሆን ይዘቱ አንድ ነው የሚል ምስክር አይደለም።

ምስክሩ ቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ቁጥር፣ ነው። ፎቶው ገና ከካሜራው ሲወርድ የሻ 256 ቼክሰሙ ይሠራና ከፋይሉ ጋር ይቀመጥ። ከኮፒ በኋላ እንደገና ተሠርቶ ይወዳደር። ግን ይህን ከላፕቶፕ ላይ አታድርጉት። ቼክሰም ለመሥራት ፋይሉ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለበት፤ ከላፕቶፕ ላይ ከተሠራ 100 ጊጋባይቱ እንደገና በዋይፋይ መጣ ማለት ነው፣ ያተረፍነውን መልሰን ከፈልን። ማኅደሩ ሰርቨር ራሱ ማታ ማታ አዲስ የገቡትን ፋይሎች እያነበበ ቼክሰማቸውን ያመሳክር፣ ውጤቱን በአንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጥላቸው። ጠዋት ሲገቡ የሚከፍቱት ያችን ፋይል ነው። ጥቂት ኪሎባይት ናት። ልዩነት የታየበት ገጽ ካለ ስሙ እዚያ ላይ ተጽፎ ያገኙታል፣ ከምንጩ ያንን አንድ ፎቶ ብቻ እንደገና ኮፒ ያደርጋሉ።